አንድ ጆንያ ቡና ስንት ጌታ አለው?

በዩኒቨርሲቲ ትምህርት ላይ ሳለን ንግድ የሚማረው ተማሪ በአንድ ክፍል፥ ፖለቲካ የሚማረው በሌላ ክፍል፥ ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ልዩ ልዩ መሣሪያ የሚማረው በሦስተኛው፥ ኤኮኖሚ የምንማረው እኛ ደግሞ በአራተኛው ክፍል ተቀምጠን እንውል ነበር። በምሳ ሰዓት በአንድ አዳራሽ እንጀራ እንቈርሳለን እንጂ አንዱ የሌላውን ደብተር ገልጦ አያይም። አራቱም ትምህርቶች ወንዝ የሚለያቸው አራት አገሮች መስለው ይታዩን ነበር። ተመርቀን ወጥተን የቡናን ነገር መከታተል ከጀመርን ወዲህ ግን አንድ ነገር ገባን፤ አራቱም በአንድ ጆንያ ውስጥ ታጭቀው ይኖራሉ። ጆንያውም የቡና ጆንያ ነው።

አንባቢዎቻችን፤ ዛሬ ሰንበት ነውና ምናልባት ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ረከቦት አጠገብ ተቀምጣችሁ ይሆናል። ሲኒውን ከማንሣታችሁ በፊት ለጥቂት ጊዜ አሳባችሁን ወደ ደቡብ ምዕራብ መልሱልን። ከጅማ አልፈን፥ ቦንጋን ተሻግረን፥ ሚዛን ተፈሪን ወደ ኋላ ትተን ወደ ቱም እንሂድ።

ቱም የማጂ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የምትገኘውም በምዕራብ ኦሞ ዞን፥ በ2014 ዓ.ም. በተቋቋመው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነው። በደጋው ዲዚዎች፥ በቆላው ሱሪዎች ይኖራሉ። ከአገሩ ዳር ስለ ሆነች በአዲስ አበባ ስሟን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። የዓለም የአየር ጉዞ መዝገብ ግን ያውቃታል፤ ለቱም የአውሮፕላን ማረፊያ ቲ.ዩ.ጄ. የሚል የሦስት ፊደል ምልክት ተሰጥቶታል። እንግዲህ ሩቅ የሚባል አገር ቢኖርም፥ ከዓለም የተለየ አገር አለ ለማለት አይቻልም። ይህንንም ከሁሉ አስቀድሞ የሚመሰክረው ቡናው ነው።

ከማጂ በኩል የወጣው ዘር

ነገሩን ከጥንቱ እንጀምር። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት እንግሊዞች በማጂ ቆንስል ነበራቸው። በምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛታቸው ቡና የሚያለሙ የእርሻ ሊቃውንት ከኢትዮጵያ ጫካ ዘር እንዲላክላቸው በፈለጉ ጊዜ፥ በጌሻ ስም ከሚጠራው አካባቢ የቡና ዘር ተሰብስቦ እንዲወጣ ካደረጉት ሰዎች አንዱ የማጂው ቆንስል ካፒቴን ሪቻርድ ዋሊ ነበር። ዘሩ ወደ ኬንያ ሄደ፤ ከዚያም ወደ ታንጋኒካ ተሻገረ፤ በ1953 ወደ ኮስታሪካ የምርምር ጣቢያ ደረሰ፤ በ1960ዎቹም ፓናማ ገባ። በዚያ የተፈለገው የቡና ቅጠል የሚያጠቃውን የዝገት በሽታ ይቋቋማል ተብሎ እንጂ ለጣዕሙ አልነበረም፤ ስለዚህም ለብዙ ዓመት ይህን ያህል ትኩረት የሰጠው ሰው አልነበረም።

በ2004 ግን ላ ኤስሜራልዳ የሚባለው የፓናማ እርሻ ይህንኑ ቡና ከሌላው ለይቶ በአገሩ የቡና ውድድር ላይ አቀረበው፤ አንደኛም ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው እየናረ ሄዶ በ2025 የዚሁ እርሻ አንድ ኪሎ የጌሻ ቡና ከ30 ሺህ ዶላር በላይ በጨረታ ተሸጠ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባ ነገር አለ። የፓናማው ገበሬ ዘሩን አልፈጠረውም። ያደረገው ለይቶ መትከል፥ ለይቶ መልቀምና ለይቶ መመዝገብ ነው። ጣዕሙ የመጣው ከእኛ ጫካ ነው፤ ዋጋው የተወለደው ግን ከመዝገቡ ነው። «ይህ ቡና ከዚህ ማሳ፥ ከዚህ ዛፍ ነው» ብሎ ማስረጃ ማቅረብ የቻለ ሰው ሀብታም ሆነ፤ ማስረጃ ያልያዘው ደግሞ ቡናውን በጅምላ ሸጠ። ይህን ነገር ወደ ኋላ ላይ ስለምንመለስበት አንባቢዎቻችን እንዳትረሱት አደራ እንላለን።

ዋጋው የሚቈረጠው የት ነው?

አሁን ወደ ዛሬው ዘመን እንምጣ። ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ እናስብ፤ በቱም ዙሪያ በዛፍ ጥላ ሥር ከአንድ ሄክታር የማይበልጥ ቡና ያላቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው እንበል። ቀዩን እሸት ለቅመው፥ አድርቀው፥ ጀንፈሉን በጆንያ ሞልተው ገበያ ይወጣሉ። ሰብሳቢው ነጋዴ ዋጋ ይጠራላቸዋል። ዋጋው ከሰብሳቢው አፍ የወጣ ይመስላል። ነገር ግን ሰብሳቢው ከአቅራቢው፥ አቅራቢው ከላኪው፥ ላኪውም ከኒውዮርክ የሸቀጥ ገበያ ነው የሰማው።

የኒውዮርኩ ገበያ ደግሞ የሚሰማው የብዙ ሰው ወሬ ነው። በ1975 በብራዚል ውርጭ ወርዶ የቡና ዛፍ ቢያቃጥል፥ በ1977 የአንድ ፓውንድ፥ ማለት ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚያንስ ቡና ዋጋ ከ3 ዶላር በላይ ወጣ። ይህ የአየር ጠባይ ሥራ ነው። ከ1962 ጀምሮ ቡና የሚያመርቱና የሚገዙ አገሮች ተስማምተው እያንዳንዱ አገር የሚልከውን መጠን በኮታ እየወሰኑ ዋጋውን ደግፈው ይዘውት ነበር። በ1989 መንግሥታቱ መስማማት ቢያቅታቸውና ኮታው ቢታገድ ግን ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ግማሽ ያህል ወረደ። ያን ጊዜ በዓለም ላይ ዝናብ አልጠፋም፥ አዲስ በሽታም አልገባም፤ የጠፋው ስምምነት ብቻ ነው። ይህ እንግዲህ የፖለቲካ ሥራ ነው።

በ2001 ዋጋው ከ50 ሳንቲም በታች ሲወርድ በሐረርጌ ብዙ ገበሬዎች ቡናቸውን ነቅለው ጫት ተከሉ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ4 ዶላር አልፎ ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ከፍታ ላይ ደረሰ። ሽማግሌው በሁለቱም ጊዜ ያንኑ ማሳ በዚያው እጃቸው ነው የኰተኰቱት። ትጋታቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው እርሳቸው የማያዩት ነገር ነው።

የመንግሥት እጅ

ከኒውዮርክ ቀጥሎ ጆንያውን የሚይዘው የመንግሥት እጅ ነው። ቀድሞ ቡና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በጨረታ ማዕከል ይሸጥ ነበር። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት ሥራ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ደግሞ ቡና ወደዚሁ ገበያ ገባ። ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። ሻጩ ገንዘቡን ለመቀበል ወራት መጠበቁ ቀርቶ በማግሥቱ ይከፈለው ጀመር፤ የዕለቱም ዋጋ በስልክ የሚሰማ ሆነ።

ጉድለትም ነበረበት። ቡናው መጋዘን ሲገባ በደረጃውና በመጣበት አካባቢ ተመድቦ ከሌላው ጋር ስለሚቀላቀል፥ የማን ገበሬ፥ ከየትኛው ማሳ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ሆነ። የፓናማን ታሪክ የነገርናችሁ ለዚህ ነው። ፓናማዎች በመለየት ሲከብሩ እኛ በማቀላቀል እንሸጥ ነበር። በ2009 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቡናን ለይቶ የመላኩ መንገድ ሰፋ። የተሠራ ስሕተት ሲታረም ማየት ደስ ያሰኛልና ይህ ሊመሰገን ይገባል።

የገንዘቡም ነገር አለ። የውጭ ምንዛሪ እጥረት በጸናበት ዘመን አንዳንድ ላኪዎች ቡናን በኪሳራ ይሸጡ እንደ ነበረ በሰፊው ተነግሯል። ሰው አውቆ በኪሳራ የሚሸጠው ለምንድን ነው ቢባል፥ ባገኘው ዶላር ሌላ ዕቃ አስመጥቶ ኪሳራውን አካክሶ ስለሚያተርፍ ነው። ስለዚህ በባንክ የነበረው የዶላር እጥረት በጫካ ያለውን የቡና ዋጋ ያጣምመው ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ2017 የበጀት ዓመት አገራችን ከቡና ያገኘችው ገቢ ከ2 ቢሊዮን 600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ይህ ታላቅ ዜና ነው። ነገር ግን ዶላር ሲወደድ የቡናው ዋጋ ብቻ አይደለም የሚወደደው፤ ነዳጁም፥ የመኪናው ጎማም፥ ሽማግሌው ከሱቅ የሚገዙት ዘይትም ይወደዳል። የቡናው ገንዘብ የሚገባው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የዘይቱ ዋጋ ግን ዓመቱን ሙሉ በር ያንኳኳል።

መሣሪያው ሲሳሳት

ወደ አራተኛው ክፍል ደረስን። ዛሬ የቡና ገንዘብ በጆንያ አይሄድም፤ በባንክ መዝገብና በስልክ ይተላለፋል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህም ቴሌብር የሚባለው በስልክ የመክፈያ መንገድ በአገሩ ሁሉ ተስፋፍቷል። ገንዘብ በኪሱ ይዞ በጫካ መንገድ የሚሄድ ሰው ምን ያህል ይሰጋ እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው የዚህን ጥቅም አያጣጥልም። ሆኖም አዲስ መሣሪያ አሮጌውን ሥጋት አንሥቶ በቦታው አዲስ ሥጋት ያኖራል።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር አሠራር ለጥቂት ሰዓታት ተሳስቶ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው ገንዘብ በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። ባንኩ እንደ ገለጠው ምክንያቱ ከውጭ የተሰነዘረ ጥቃት ሳይሆን አሠራሩን ለማሻሻል ሲሞከር የተፈጠረ ጉድለት ነበር፤ የተወሰደውም ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑ ታወቀ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንደ ሰደድ እሳት ስለ ተዛመተ ከወሰዱት ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። አብዛኛው ገንዘብ በኋላ ተመለሰ። ባንኩም ስሕተቱን ለማቆም አገልግሎቱን በየቦታው ለሰዓታት ዘጋ።

በከተማ ያለነው ሰዎች በዚህ ነገር ስቀንበታል። ነገር ግን የተዘጋበት ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ በብዙ አገር የገበያ ቀን ነው። ጆንያውን አስረክቦ ገንዘቡን በስልክ የሚጠብቅ ሰው በዚያ ሰዓት ምን ይላል? ቡናውን መልሶ አይጭነው፥ ገንዘቡን አይቀበል፥ ዘይት አይገዛ። ትልቅ ባንክ ጉድለቱን በመዝገቡ ላይ ጽፎ በወሩ ያካክሰዋል። ትንሽ ገበሬ ግን ጉድለቱን የሚጽፍበት መዝገብ የለውም፤ በሆዱ ይይዘዋል እንጂ።

ከሰማይ የሚያይ ዐይን

ከሁሉ የሚከብደው ሥጋት ግን ገና እየመጣ ያለው ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ወር የአውሮፓ ኅብረት አንድ ሕግ ሥራ ላይ አዋለ። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለበት መሬት የመጣ ቡና፥ ካካዎ፥ የጎማ ዛፍ ውጤትና ሌላም እንዲህ ያለ ምርት ወደ አውሮፓ አይገባም ይላል። ሕጉ የሚጸናበት ቀን ሁለት ጊዜ ተላልፎ ለታላላቆቹ ኩባንያዎች እስከ ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም.፥ ማለት እንደ ፈረንጆች እስከ ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ተራዝሟል።

አሳቡ መልካም ነው፤ የዓለም ደን እየተመናመነ መሆኑን የሚክድ የለም። አስቸጋሪው ማስረጃው ነው። ቡናው የበቀለበት ማሳ ሁሉ በምድር ላይ ያለበት ቦታ በሳተላይት መለኪያ ተመዝግቦ መቅረብ አለበት። ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ድንበሩ በሙሉ ይነሣል፤ ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል። አንድ ሺህ ሄክታር ያለው የብራዚል ባለ እርሻ ይህን ሥራ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። በእኛ አገር ግን ቡና የሚያለሙት በሚሊዮን የሚቈጠሩ አባወራዎች ናቸው፤ የያንዳንዱም ማሳ ከመንደር ጀርባ፥ ከወንዝ ማዶ፥ ከዛፍ ሥር ነው።

ይልቁንም የሚያስገርመው ይህ ነው። የቱም፥ የሸካና የካፋ ገበሬ ቡናውን የሚያለማው ዛፉን ሳይቈርጥ በጥላው ሥር ነው። የካፋ ደን በ2010፥ የሸካ ደን በ2012 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ የገቡት እንዲህ ያለ አያያዝ ስለ ነበራቸው ነው። ከሰማይ ሆኖ የሚያይ ዐይን ግን ጥላ ያለውን የቡና ማሳና የተፈጥሮ ደን መለየት ይቸግረዋል፤ ሁለቱም ከላይ ሲታዩ አረንጓዴ ናቸው። ካርታው ማሳውን ደን ብሎ ከመዘገበው በኋላ ገበሬው ለቡናው ብርሃን እንዲገባ ጥቂት ቅርንጫፍ ቢያነሣ፥ ደን የመነጠረ ሊመስል ይችላል። እንግዲህ ደኑን የጠበቀው ሰው ደን አጥፊ አለመሆኑን የማስረዳት ዕዳ ወደቀበት።

የመዝጋቢው ጎረምሳ ወደ ሽማግሌው ማሳ ሲመጣ ምን ዓይነት ንግግር ሊኖር እንደሚችል እናስብ።

«ልጄ፥ ይህ ነገር መሬቴን ይወስድብኛል?»

«የለም አባባ፤ ማሳዎ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው የሚመዘግበው።»

«ወረቀቱንስ ትሰጠኛለህ?»

«ወረቀት የለውም አባባ። ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል።»

«መልካም። የስልኩ ባለቤት ማን ነው?»

አንባቢዎቻችን፤ በአራቱም የዩኒቨርሲቲ ክፍሎች እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ አልሰማንም። የማሳው መዝገብ በላኪው እጅ ብቻ ከሆነ፥ ገበሬው ቡናውን ለሌላ ገዢ ልሽጥ ቢል ማስረጃ የለውም። ማስረጃ የሌለው ቡና አውሮፓ አይገባም። ስለዚህ ገዢው የጠራለትን ዋጋ ከመቀበል ሌላ ምርጫ የለውም። ደን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ፥ በመሣሪያ በኩል አልፎ፥ ገበሬውን የአንድ ነጋዴ ጭሰኛ ሊያደርገው ይችላል ማለት ነው። ላኪው ችግር ቢገጥመው ቡናውን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ወደ ቻይና ይልከዋል። ገበሬው ግን ማሳውን ተሸክሞ ወዴትም አይሄድም። ቡናው ካላዋጣው ዛፉን ቈርጦ በቆሎ ይዘራል፤ ያን ጊዜ ሕጉ ሊያድነው የተነሣው ደን ራሱ ይጠፋል። በሐረርጌ የሆነውን አይተናልና ይህ ሟርት አይደለም።

ምን ይበጃል?

እኛ ገና ከትምህርት የወጣን ወጣቶች ስለ ሆንን ለታላላቆቻችን ምክር ለመስጠት መድፈራችን እንዳይቈጠርብን እንለምናለን። ሆኖም የታየንን መናገር ግዴታችን ነው።

አንደኛ፥ የቡናና ሻይ ባለሥልጣንም ሆነ ላኪዎች ማሳ በሚመዘግቡበት ጊዜ የመዝገቡ ግልባጭ በወረቀት ታትሞ ለገበሬው በእጁ ይሰጠው፤ ሁለተኛው ግልባጭ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ይቀመጥ። ገበሬው ማስረጃውን ይዞ ከወደደው ገዢ ጋር ይዋዋል። ሁለተኛ፥ መዝገቡ ስሕተት ቢኖርበት ገበሬው አቤት የሚልበት ቦታ በወረዳው፥ ማለት በቱም፥ ይኑር እንጂ አዲስ አበባ ድረስ አይጠራ። ሦስተኛ፥ ባንክም ሆነ የስልክ መሥመር በተቋረጠ ቀን የገበያው ሥራ በደረሰኝ የሚቀጥልበት ደንብ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ የሚነድ ቤት አጠገብ ሆኖ ውኃ መፈለግ የዘገየ ብልሃት ነው። አራተኛ፥ የዕለቱ ዋጋ በስልክ ከመነገሩም በላይ በገበያው መካከል በትልቅ ሰሌዳ ይጻፍ።

ይህ አይቻልም የሚል ሰው ቢኖር አንድ ነገር እናስታውሰው። በ1997 ዓ.ም. አገራችን የሲዳሞን፥ የይርጋ ጨፌንና የሐረርን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስትነሣ ብዙ ሰው ከታላቁ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር መከራከር ከንቱ ድካም ነው ብሎ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ግን ኩባንያው ስምምነት ፈረመ። ስምን መመዝገብ ኃይል መሆኑን ያን ጊዜ አየን። ለስሙ ያደረግነውን ለማሳው ማድረግ ያቅተናል ብለን አናምንም።

በጽሑፋችን ርእስ አንድ ጆንያ ቡና ስንት ጌታ አለው ብለን ጠይቀን ነበር። አሁን ብንቈጥር፥ በኒውዮርክ ዋጋ የሚቈርጥ፥ በብራስልስ ሕግ የሚያወጣ፥ በአዲስ አበባ ምንዛሪና ደንብ የሚወስን፥ ከሰማይ ሆኖ የሚመለከትና የሚመዘግብ መሣሪያ አግኝተናል። እነዚህ ሁሉ ጆንያውን ይዘውታል፤ አንዱ በጎተተው ቍጥር ሌሎቹ ይናወጣሉ። ነገር ግን ጆንያው በከበደ ጊዜ የሚሸከመው የአንድ ሰው ጀርባ ነው። ያ ሰው ቢያንስ በራሱ ማሳ ላይ የተጻፈውን ወረቀት በእጁ ይያዝ።

አሁን ቡናው እንዳይበርድባችሁ። ለዛሬው በዚህ ይብቃን።